ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ብረት

በዛብሽ «ማንም አይንካው» የሚለው ትእዛዝ እሷንም ይመለከታል ብላ አስባ አታውቅም። ሠርፀ እንዲህ ሲል ለምግብ ቤቷ ደንበኞች፣ ለጎረቤት፣ ግፋ ቢል ለዶሮዎቹ መስሏት ነበር። እህቷ ስትሞት የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ አቅፋ ተቀብላ ያሳደገችውን ልጅ ዕቃ እሷ ካልነካች ማን ሊነካው ነው?

ዕቃው ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር ባለው ምግብ ቤቷ ጓሮ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ትልቅ የመስታወት ብልቃጥ ነው። ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ይዟል፤ ውሃው ውስጥ ሁለት የኒኬል ቁራጮች ቆመዋል፤ ከጣሪያው ሶላር ሽቦ ይወርድላቸዋል። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ይከፈልና ባንዱ ብረት ሃይድሮጅን፣ በሌላው ኦክስጅን አረፋ እየሆነ ይወጣል። ሠርፀ ቀን ቀን ቶንፒንግ ሰፈር ላለ የእርዳታ ድርጅት ሶላር ይተክላል፤ ይኼኛውን ግን የሚሠራው ለትምህርት ነው። አዲስ አበባ ያሉ አንድ ፕሮፌሰር፣ ውጤቱ ካማረ ከመስከረም ጀምሮ እሳቸው ዘንድ እንዲማር ቦታ ይዘውለታል። ካላማረ ጁባ መቅረቱ ነው።

ይህን «ካላማረ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ልቧ ምን እንደሚላት በዛብሽ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት ሠርፀ ነው። ቢሆንም ልጁ ሲተክዝ ማየት አትችልም። አንድ ቀን «አረፋው ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ፤ ከሸፈነው ውሃው አይደርሰውም፣ ሥራው ይደክማል» አላት። ከዚያ ወዲህ እሱ ሥራ ሲሄድ ትጠብቅና፣ ከኩሽና ብቅ ብላ የተጣበቁትን አረፋዎች በጣቷ ታራግፍለታለች።

«ሂዱ እንጂ! ምን ይጎልታችኋል?» ትላቸዋለች። አረፋዎቹም ይሄዳሉ፤ እሷም ልጇን እንደረዳች ቆጥራ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠርፀ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። የስድስት ሳምንት መለኪያ መስመር ሆኖ ተስሏል፤ ወጣ ገባ ይላል።

«እትዬ፣ እስቲ እይልኝ። ማታ ማታ ብረቶቹን በሳሙና አጥባቸዋለሁ። ፀሐዩ ያው፣ ውሃው ያው። ሥራው ግን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚያምረው። ረቡዕና ዓርብ።»

«ረቡዕና ዓርብ?»

«ብረቱ ይጾማል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ብዙም አልዘለቀ። «ነገ ለፕሮፌሰሩ እጽፍላቸዋለሁ። ምክንያቱን ሳላውቅ አገኘሁ ብዬ አልሄድም። እዚሁ ካንቺ ጋር እሆናለሁ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

በዛብሽ አብራው ልትስቅ ስትል ዓይኗ ጣቶቿ ላይ አረፈ። ያብለጨልጫሉ። የክትፎው ቅቤ ነው። ዘይት ከጀሪካን ይንቆረቆራል፤ ቅቤ ግን በጣት ይዛቃል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ ኩሽናዋ ቅቤ አይገባም።

ተነስታ ኩሽና ገባች። ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ዝም ብትል ልጁ ይቀርላታል፤ ማንም አያውቅባትም። «ሆድ ይፍጀው» አለች ለራሷ። የደንበኛዋን የደበበን ጥብስ ሁለት ጊዜ ጨው አደረገችበት፤ ባንክ ሠራተኛው ደበበ ግን ጨዋ ሰው ነውና ውሃ እየጠጣ በላው። እሷም ሰውየው ሲውጥ እያየች ስለ አረፋዎቹ አሰበች። ጠዋት ጠዋት «ሂዱ» እያለች የምትቆጣቸው እሷ፣ አሁን የራሷን ልጅ ልታስቀረው ነው። በገዛ ራሷ አፈረች።

የቅቤውን ጣሳ ይዛ ወጣች።

«ሠርፄ፣ ና። ብረትህ አልጾመም። ሳስገድፈው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

የታጠበ ብረት ውሃው ውስጥ አስከተተችው። አረፋው እንደ ጤፍ ዱቄት ደቆ፣ ሳይዘገይ ብር እያለ ወጣ። ከዚያ ብረቱን አስወጣችና ቅቤ የነካ ጣቷን አሳርፋበት መልሳ ከተተችው። የጣቷ አሻራ ባለበት ቦታ ብቻ አረፋዎቹ እያበጡ፣ እየወፈሩ፣ ብረቱን ሙጭጭ ብለው ቀሩ።

ሠርፀ ጎንበስ ብሎ አሻራውን አየ። በዛብሽ ቁጣውን ጠበቀች።

«በዚህ ቅቤ ስንቴ ነክተሽዋል?»

«ከጾም ቀን በቀር ሁልጊዜ።»

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ቅቤ የነካውን እጇን ያዘ።

«እትዬ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ እኮ እቀርልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችና እጇን አስለቅቃ ወደ ኩሽና ገባች። ሽንኩርቱ ተከትፎ አልቋል፤ ለእንባዋ ሌላ ሰበብ አላገኘችለትም።

ፕሮፌሰሩ የቅቤውን ነገር ሲሰሙ ከውጤቱ ይልቅ ምክንያቱን ወደዱት። ሠርፀ በመስከረም ሄደ። ብልቃጡንና ሶላሩን ለእሷ ተወላት፤ እሷም ማታ ማታ በሳሙና ታጥባቸዋለች።

አንድ ሐሙስ፣ የምሳ ግርግር ጋብ ሲል፣ በዛብሽ ጓሮ ወጥታ ቆመች። አረፋዎቹ ንጹሕ ብረታቸውን እየለቀቁ ሽቅብ ይሄዳሉ፤ አንዱም ዞር ብሎ አያይም። ጥሩ ነው፤ እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነው። ግን ሆድ ባሳት። ገብታ ትንሽ ቅቤ በጣቷ ጫፍ ይዛ መጣችና ብረቱን ነካ አደረገችው። አንዲት አረፋ እዚያች ቦታ ላይ ተቀመጠች። በዛብሽ በርጩማዋን ስባ አጠገቧ አረፍ አለች።

«ትንሽ ቆዪ፤ ከዚያ ትሄጃለሽ» አለቻት።

ፎቶ አንስታ ለሠርፀ ላከችለት። መልሱ ወዲያው መጣ።

«እትዬ! ማንም አይንካው ብዬ አልነበር?»

ስልኩን ቅቤ እንዳይነካው በአንድ ጣቷ ቀስ እያለች ጻፈችለት፦ «እኔ ማንም ነኝ እንዴ?»