የተጠባባቂዎቹ ወገብ

ፊሽካ የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ስፖርት ስታስተምር ፊሽካው ካንገቷ ወርዶ አያውቅም። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ማስተማሩን ትታ በሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ገባች። "በዚህ ዕድሜሽ?" ያላት ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ "በዚሁ ዕድሜዬ።"

የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ለመምረጥ አልተቸገረችም። ያሳደገቻት አክስቷ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ውሃ የጠጣ አንሶላ ከማሽን ስትጎትት፣ ጎንበስ ቀና ስትል ኖራ፣ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ ሰው ትጠራለች። ፊሽካ ማወቅ የፈለገችው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየቀኑ ለሩብ ሰዓት የሚሠራ የወገብ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ እነዚህን ሴቶች ይረዳቸው እንደሆነ ነው።

ከአክስቷ ማጠቢያ ክፍል አርባ ሴቶች ተመዘገቡ። በዕጣ ተከፈሉና ሃያዎቹ አሥር ሳምንት እንቅስቃሴውን እንዲሠሩ፣ ሃያዎቹ ምንም ሳይሠሩ እንዲጠብቁ ሆነ። አክስቷ ከሚሠሩት ጋር ደረሳት። መለኪያው ቀላል ነው። ሴትየዋ ጠረጴዛ ላይ በሆዷ ትተኛለች፣ እግሯ ይታሰራል፣ ከወገቧ በላይ ያለው አካሏ ከጠረጴዛው ጫፍ ወጥቶ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይያዛል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ አርባ ስምንት ሰከንድ ገደማ ቆዩ።

አሥሩ ሳምንት አልቆ ስትለካቸው የሠሩት ሰማንያ አንድ ደረሱ። ፊሽካ በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት። በማግስቱ ተጠባባቂዎቹን ለካች። ሰባ ሰባት! ሰዓቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ከስልኳ ጋር አመሳከረችው። ደህና ነው።

"ልዩነት ከሌለ እንቅስቃሴው ረድቷል ማለት አትችይም" አሏት አማካሪዋ ፕሮፌሰሩ፣ ወረቀቱን አገላብጠው። "ግን የሰው ወገብ ዝም ብሎ ሲጠብቅ አይጠነክርም። ሄደሽ እዪ።"

በነጋታው ጠዋት ከሥራ ሰዓት አርባ ደቂቃ ቀድማ ሆስፒታሉ ደረሰች። የአንሶላ ማጠፊያው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ገፋ ብታደርገው፣ ተጠባባቂዎቹ ወለል ላይ ተንበርክከው አንድ እጅና አንድ እግራቸውን ዘርግተዋል። ፊት ለፊታቸው የቆመችው አክስቷ ናት።

"አንቺ፣ ሆድሽን ሰብስቢ እንጂ! ጠረጴዛ ነሽ፤ ጠረጴዛ ይወዛወዛል?"

ፊሽካን ሲያዩ ሁሉም እንደተንበረከኩ ቀሩ።

"አክስቴ! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሁለተኛው ሳምንት" አለች አክስቷ፣ ቅንጣት ሳታፍር።

"ጥናቴን እኮ ገደል ከተትሽው! እንዳትነግሪያቸው ለምኜሽ አልነበረም?"

"ለምነሽኛል። ግን የምንሠራው አንድ ማሽን ላይ ነው። እኔ እየተሻለኝ ጓደኛዬ አጠገቤ ወገቧን ይዛ ስታቃስት፣ ዕጣ አልወጣልሽምና ቻይው ልበላት?"

ፊሽካ ደሟ እንደፈላ በሩን ዘግታ ወጣች። ቤቷ ገብታ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ቁጥሩን ነካ ነካ ቢያደርጉት ማን ያያል? ይህን ሐሳብ ቦታ ሳይዝ አባረረችው። አልለቃት ያለው ሌላ ነገር ነው። ሃያዎቹን "ጠብቁ" ብላቸዋለች እንጂ ምን እንደሚጠብቁ አልነገረቻቸውም። ስህተቱን ከአክስቷ አንስታ ራሷ ላይ አደረገችው።

"ከዜሮ እጀምራለሁ" አለቻቸው ፕሮፌሰሩን።

"አንድ ዓመት ይጨምርብሻል።"

"ይጨምርብኝ።"

ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስበት ሆስፒታል አገኘች። እዚያ ሴቶቹን ሁሉ ሰብስባ "ዕጣው ያልደረሳችሁ፣ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት እኔው መጥቼ አስተምራችኋለሁ" አለች፤ ጽፋ፣ ፈርማ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። አክስቷ "ልምጣና ላግዝሽ?" ስትላት "ከዚያ ሰፈር ድርሽ እንዳትዪ!" አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ዝናብም ቢሆን፣ ጉንፋንም ቢይዛት፣ አንድ ጠዋት አልቀረችም። የሠሩት ሰባ ዘጠኝ ሰከንድ ደረሱ፤ የጠበቁት ሃምሳ አንድ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳያስታውሳት ሄዳ የጠበቁትን ማስተማር ጀመረች። በዚህ ምክንያት የመመረቂያ ጽሑፏ አሥር ሳምንት ዘገየ።

ጥናቷን ስታቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ "የከሸፈውን ሙከራ እዚህ ውስጥ ማስገባት ምን አስፈለገሽ?" አሏት።

"ካልጻፍኩት፣ ከኔ በኋላ የሚመጣውም እዚያው ይወድቃል" አለች። ፈታኙ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

የአክስቷ ሆስፒታል የሠራተኞች ጤና ባለሙያ አድርጎ ቀጠራት። በሁለተኛው ቀን ወጥ ቤት ገብታ፣ ትልቁን ድስት ከምድጃ የሚያወርዱትን ሴት ትከሻ መለካት ጀመረች።