ባነር የለበሰ ሰሌዳ

መካነ ሰላም ከተማ ዳር ባለው የሒሳብ ተቋም አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ መኖሩን የሚያስታውሱ ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ኃይለኢየሱስ አንዱ ነው። ዶክትሬቱን ይዞ ከቡዳፔስት በተመለሰ ሰሞን፣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ያንን ሰሌዳ እስከ ግማሹ በአንድ የሒሳብ ማረጋገጫ ሞልቶ፣ የጠመኔውን ብናኝ ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ። በማግስቱ አንድ ባለሥልጣን ሊጎበኙ መጡና የእንኳን ደህና መጡ ባነር ተሠራ። የብሎኬቱ ግድግዳ ምስማር አልቀበል ሲል የሰሌዳው እንጨት ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር አዲሱ ባነር በአሮጌው ላይ ይመታል። አሮጌውን ማንሳት የባለሥልጣን ፎቶ መገንጠል ነው፤ ያንን ሲያደርግ መታየት የሚፈልግ ደግሞ አልተገኘም። ሰሌዳው እንዲህ እንዲህ እያለ ደለበ።

ኃይለኢየሱስ የወግዲ ልጅ ነው። ለምን እንደተመለሰ ሲጠየቅ በየጊዜው የተለየ መልስ ይሰጣል፤ አንዱንም አያምነውም። ተቋሙ የግራፍ ምርምር ቡድን እንዲመራ ሾሞታል። ግራፍ ማለት ነጥቦችና ነጥቦቹን የሚያያይዙ መስመሮች ናቸው፤ እሱ የሚያጠናው ነጥብ ሲነሣባቸው የማይበጠሱትን መረቦች ነው። ቡድኑ ሐሙስ ሐሙስ ሴሚናር አለው። የሕዝብ ግንኙነቷ ንግሥቴ መጥታ ሁሉንም በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ አጎንብሰው እንዲታዩ አድርጋ ታነሣቸዋለች። ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ አይበራም። «ቡድኑ ጥልቅ ውይይት አካሄደ» የሚለው ዜና ውይይቱ ሳይጀመር ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ መወያየቱ ምን ያደርጋል፣ ሁሉም ወደ ሻዩ ይሄዳል።

የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር አራጋው በየሩብ ዓመቱ ያስጠሩታል።

«ቡድናችሁ ምን ሠራ?»

«አሰብን» አላቸው አንድ ጊዜ።

«እሱማ ጥሩ ነው። ፎቶ አለው?»

ከቡድኑ ውስጥ በእውነት የምትሠራው አንዲት ሴት ነበረች፤ ጸደንያ። አባቷ መሪጌታ ዘማርያም ዜማ ያስተምራሉ፤ ድምፅ የሳተውን ተማሪ ከመነሻው እንደገና ሲያስብሉት እየሰማች ነው ያደገችው። ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ በረዳትነት ተቀጥራለች፤ ውሏ ሰኔ ላይ ያልቃል። አንድ ቀን ኃይለኢየሱስ ቢሮ መጥታ ነበር።

«ዶክተር፣ ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ያለችው ሁለተኛ እርምጃ ለሁሉም መረብ ትሠራለች?»

«ቡዳፔስት ላይ ሦስት ሰዎች አይተዋታል» አላት ከስክሪኑ ቀና ሳይል።

«አመሰግናለሁ ዶክተር» ብላ ወጣች። እሱም ገባት ብሎ ተወው።

አዲስ አበባ ያሉት ፕሮፌሰር የትምወርቅ ለዘንድሮ አንድ የዶክትሬት ቦታ አላቸው። ኃይለኢየሱስ ስለ ጸደንያ ሲነግራቸው «ወረቀት አትላክልኝ» አሉት፤ «ስታስረዳ ልስማት። ለተቋማችሁ የምርምር ቡድኖች ቀን እመጣለሁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ግን ወደ ኮምቦልቻ መውጣት አለብኝ፣ አውሮፕላን አለኝ። በማግስቱ ሌላ ልጅ እሰማለሁ፤ እሷን ካልሰማኋት ቦታው ለሱ ነው።»

ዶክተር አራጋው የሚወዱት ቀን ቢኖር የምርምር ቡድኖች ቀን ነው። አዲስ ባነር መጣ፤ ሰሌዳው ላይ ወጣ። ጠዋት መሪጌታ ዘማርያም ጸሎት አደረሱ፣ ሼህ አዩብ ዱዓ አደረጉ፤ ሁለቱም አጠር አድርገው ተቀመጡ። ማሳጠርን የሚያውቁ ሰዎች በዚሁ አለቁ። ኃላፊው የመክፈቻ ንግግር አደረጉ። ምክትላቸው የኃላፊውን ንግግር አመሰገኑ። ቀጥሎ የመጣው ሰው ስለ ሒሳብ ጠቀሜታ ተናገረ፤ ሒሳብ ለግብርና፣ ሒሳብ ለሰላም፣ ሒሳብ ለቱሪዝም፣ ወደ አምባ መቅደላ መውጣትም ሒሳብ መሆኑን ሳይቀር። ከዚያ የቡድኖቹን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ቪዲዮ ታየ። ኃይለኢየሱስ ራሱን ባልበራው ላፕቶፕ ላይ አጎንብሶ አየ፤ ከበስተኋላው ክራር ይመታል። ሰርተፊኬት መሰጠት ተጀመረ። ለአዘጋጅ ኮሚቴው ተሰጠ፤ ሰርተፊኬቱን ላዘጋጀው ኮሚቴም ተሰጠ።

ፕሮፌሰር የትምወርቅ ሰዓታቸውን አዩ። ጸደንያ ግድግዳው ጥግ ፍላሽዋን በመዳፏ ጨብጣ ቆማለች።

ተራዋ ሲደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ፕሮጀክተሩ ላይ ስሟ ወጣ፤ ወዲያው መብራት ጠፋ።

«ክቡራን እንግዶቻችን» አለ መድረክ መሪው፣ «ይህንን ወደ ከሰዓት እናሸጋግርና...»

«ከሰዓት እኔ የለሁም» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ሰሌዳ ቢኖር ይበቃኝ ነበር» አለች ጸደንያ ዝግ ባለ ድምፅ።

ሰሌዳው የት እንዳለ የሚያውቁት ሁሉ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ። ኃይለኢየሱስ ተነሣና የባነሩን ጠርዝ ይዞ ሳበ። ምስማሮቹ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ተንጠባጠቡ።

«ዶክተር፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉ አራጋው ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ምርምር።»

የዘንድሮው ወረደ። ከሥሩ የአምና እንግዶች ፈገግ ብለው ወጡ፤ እነሱም ወረዱ። ከነሱ ሥር ሌሎች ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ከሥልጣን የተነሡ፣ ተነሥተውም ፈገግታቸው ያልደከመ። ከኋላ አንድ ሰው የመርሐ ግብሩ አካል መስሎት አጨበጨበ፤ አዳራሹም ተከተለው።

በመጨረሻ ሰሌዳው ወጣ። ላዩ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈው ማረጋገጫ ሙሉውን አለ፤ አንድ ፊደል አልለቀቀም።

ጸደንያ ዳስተሩን አንሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደችና ቆመች።

«ላጥፋው ዶክተር?»

የገዛ ጽሕፈቱን ሲያይ ደረቱ ሞላ። እነዚህ ሰዎች ሁለት ዓመት በባነር የሸፈኑት ይህን ነው። ፕሮፌሰሯም ይዩት።

«ተዪው። ከሱ ቀጥዪ።»

«ከሱ?»

«አብሽሪ» አላት።

ዳስተሩን መልሳ አስቀመጠች። ጠመኔውን አነሣችና የሁለተኛዋን እርምጃ ዙሪያ አከበበች። «ይህች እርምጃ» አለች፣ «ከእንደዚህ ዓይነት መረብ ማንኛዋም ነጥብ ብትነሣ መረቡ አይበጠስም ትላለች።» ከጎኑ ነጥብ ማስቀመጥ ጀመረች፤ ነጥብ፣ መስመር፣ ነጥብ። ኃይለኢየሱስ ሥዕሉ ግማሹ ጋ ሳይደርስ ስህተቱ ገባው። ሁለት ክምር መስመሮች በአንዲት ነጥብ ብቻ ተያይዘው ቆሙ። ጸደንያ ያቺን ነጥብ በጣቷ ጫፍ አበሰቻት፤ መረቡም ለሁለት ተገመሰ።

«ስለዚህ ማረጋገጫው እንዳለ አይሄድም» አለች ወደ እሱ ሳታይ። «የሚሄድበትን መንገድ አግኝቻለሁ፤ እሱን ነው የማሳያችሁ።»

ፕሮፌሰር የትምወርቅ ከወንበራቸው ተነሥተው ሰሌዳው ሥር ቀረቡ።

«የላይኛውን ማን ጻፈው?»

«እኔ» አለ ኃይለኢየሱስ።

«አሳትመኸዋል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ማረሚያ ትልካለህ። ቀጥዪ ልጄ።»

መኪናው ደጅ ላይ ጡሩምባ ነፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ፕሮፌሰሯ ወደ በሩ እንኳ አላዩም። «ሾፌሩን ሞተሩን አጥፋ በሉት» አሉ፤ «በሌላ ቀን እበራለሁ።» ጸደንያ ሰሌዳው እስኪሞላ ጻፈች፤ ቦታ ሲያጥራት በሱ መስመሮች መካከል ገባች። ከኋላ ያሉት እንግዶች ምሳ እንደቀዘቀዘ ይንሾካሾካሉ። መሪጌታ ዘማርያም አንገታቸውን አዘንብለው፣ ዜማ እንደሚሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ስትጨርስ ፕሮፌሰሯ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «መስከረም ላይ አዲስ አበባ መግባት ትችያለሽ?»

ለኃይለኢየሱስ ግን የተነገረው ሌላ ነበር። ባነር ስለመቅደዱ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ንግሥቴ ፎቶ አነሣችው።

በሳምንቱ አዳራሽ ሲገባ አናጢው ይርዳው መሰላል ላይ ወጥቷል። ጸደንያ ጠመኔ ይዛ የምትታይበት፣ ዶክተር አራጋው ከጎኗ ተለጥፈው የገቡበት ትልቅ ባነር እየዘረጋ ነው። «እንኳን ደስ ያለሽ! የተቋማችን ኩራት!» ይላል። ሰሌዳውን ማንም አላጠፋውም፤ ወደ ወረቀት የገለበጠውም የለም።

ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥራውን ይመለከታሉ።

«አየህ ኃይለኢየሱስ» አሉ ቂማቸውን ረስተው፣ «ዘንድሮ ቡድናችሁ ፎቶ አለው።»

«አለው» አለ።

«ዶክተር» አለ ይርዳው ከላይ፣ «ጠርዙ ብቻ አይችለውም፤ መሐሉ ላይ ካልያዝኩት ነፋስ ይሞላዋል። የቱ ጋ ልምታው?»

ኃይለኢየሱስ በተዘረጋው ሸራ ሥር አጎንብሶ ሰሌዳውን አየ፤ ጸደንያ ያከበበቻት የሱ ሁለተኛ እርምጃ አሁንም እዚያው ነች። ጣቱን አስነካትና ምስማሩ የሚያርፍበትን አሳየው።

«እዚች ጋ። አጥብቀህ ምታው።»