ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን

«ሁለቴ ርገጪው» አለ አናጢው፣ የሴት ልጁን እግር በዓይኑ እየተከተለ።

ልጅቱ ሁለቴ ረገጠች። ትንሿ መኪና እያቃሰተች ቀይ መብራቱ ሥር ቆመች።

«አባዬ፣ ትናንት ፈተናውን የጣለኝ ይሄ ነው።»

«የጣለሽ ፈታኙ ነው። ፊቱ ራሱ የኮሶ ጠጪ ፊት ነው።»

«ሰውየው ምን በደለ? ቁሚ አለኝ፣ እንዳስተማርከኝ ሁለቴ ረገጥኩ። የእነሱ መኪና በአንዱ ቀጥ አለች፤ በሁለተኛው የሰውየው ግንባር መስታወቱን ሊስም ምንም አልቀረው።»

አናጢው ሳቁን ዋጠ። መኪናዋን ሲገዛት ይህች ልጅ ጥርስ ታወጣ ነበር። የኋላ ወንበሯን አጥፎ፣ ወደ ላይ የሚከፈተውን የኋላ በሯን በገመድ አስሮ ስንቱን በርና መስኮት አመላልሶባታል። ቤንዚን ታሸት እንደሆነ እንጂ አትጠጣም። ጎረቤቶቹ መኪና ሲቀያይሩ እሱ ጎማ ብቻ ቀየረ። ታዲያ የመኪናዋን በሽታ ሁሉ «ጠባይዋ ነው» ይላል። በሯ በዳሌ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ሁለተኛ ማርሽ ካላባበሉት አይገባም፤ ፍሬኗ በአንድ ጥሪ አይሰማም። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ መኪና ሲነዳ ቢያይ፣ «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ ይሰድበው ነበር። የራስ ሲሆን ግን ግትርነትም ታማኝነት ይመስላል።

«ዓርብ ደግመው ይፈትኑኛል» አለች ልጅቱ። «መንጃ ፈቃድ ካልያዝኩ ፋርማሲው ቃል የገባልኝን መድኃኒት የማድረስ ሥራ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ፍሬኗን እናሠራው።»

«ስንት ዘመን ስነዳት ማንን ገጨሁ?»

«ማንንም። አንተማ ታውቃታለህ። እኔ ግን የተማርኩት መንዳት አይደለም፣ እሷን ማስታመም ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ አናጢው ፈታኙን መራገሙን ቀጠለ። መብራቱ ተለወጠ። ልጅቱ ነዳች፤ ለፈተናው ስትል አንዴ መርገጥን ልትለማመድ ወስናለች።

ከመታጠፊያው በኋላ ሁለት ከረጢት ያንጠለጠሉ ሴትዮ መንገዱን ሲያቋርጡ ደረሰችባቸው። አንዴ ረገጠች። መኪናዋ አልሰማችም። ደንግጣ ደገመች። መኪናዋ ከሴትዮዋ ጉልበት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመች።

«ምነው የኔ ልጅ?» አሉ ሴትዮዋ፣ ከቁጣ ይልቅ በመገረም።

«ይቅርታ፣ እናቴ።»

ሴትዮዋ አንዱን ከረጢት ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው ሄዱ። ልጅቱ እግሯን ከፍሬኑ ላይ አላነሳችም። አናጢው አየው። 

«ወደ ቤት ልንዳ?» አለች።

«የለም። ጋራዡ ይሻላል። ቀስ ብለሽ።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ እንደ ልማድዎ ዘይት ብቻ ነው?»

አናጢው ወረደና ከመኪናዋ ራቅ ብሎ ቆመ። «እኔን አትጠይቀኝ፤ እሸፍንላታለሁ። የጎደላትን ሁሉ ልጄ ትንገርህ።»

ልጅቱ ከፍሬኑ ጀመረች። አናጢው አንዴም አላቋረጣትም።