ስምንቱ ሽቦዎች

«ጋሼ፣ እርስዎ ወደዚህ ይምጡ። አንቺ እዚያው ቆዪ። ዛሬ አባትና ልጅ ብሎ ነገር የለም!» አለች መምህርቷ።

ሰውየው መሣሪያዎቹን ሰብስቦ እያመነታ ተነሳ። ወደዚህ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ በላብራቶሪው ውስጥ ከልጁ ጎን ሳይቀመጥ የዋለበት ቀን የለም። አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ትምህርት፦ ኮምፒውተር ሳይንስና ኔትወርኪንግ። መምህርቷ ያመለከተችው ወንበር ደግሞ ክፍሉ በሙሉ «ቧልተኛው» ከሚለው ጎረምሳ አጠገብ ነው። ከዚያ ይሰውረን!

«አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ቧልተኛው ቦታ እየለቀቀ። «ልጅዎን ማን ይጠብቅልዎት ታዲያ ዛሬ?»

ሰው የሚመስለው እንደዚያ ነው፦ ልጁን ጎረምሶች እንዳይደርሱባት የሚጠብቅ አባት። እሱም አብሮ ይስቃል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የምትጠብቀው እሷ ናት። ዓይኑ ቀለም አይለይም። ሰማያዊውን በደንብ ያየዋል። ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቡናማ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉም ድፍርስ ውሃ ይሆኑበታል።

ሌላ ትምህርት ቢሆን ማን ግድ ይሰጠው ነበር! የኔትወርክ ኬብል ግን ልባሱ ሲገፈፍ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘ። እነዚያን ፈትቶ በቀለማቸው ተራ መደርደርና ኮኔክተር በሚሏት ጥርሳም ፕላስቲክ ውስጥ መክተት ነው ሥራው። ተራውን በእንቅልፍ ልቡ ይወጣዋል። ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ… እያለ ሲቃዥ ሚስቱ ስንቴ ቀስቅሳዋለች። እስከ ዛሬ ልጁ ጎኑ ተቀምጣ ጠረጴዛውን በጣቷ ኳ እያደረገች ትነግረው ነበር፤ አንዴ ከሆነ ብርቱካናማ፣ ሁለቴ ከሆነ አረንጓዴ፣ ሦስቴ ከሆነ ቡናማ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ትለዋለች ሚስቱ። «ለመምህርቷ ንገራት እንጂ!»

«ነግሬያት፣ ከትምህርቱ ታስወጣኝ?»

ፍርሃቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በጎረምሳነቱ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ ፈታኙ የትራፊኩን መብራት እያሳየ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለው፣ «በርቷል» አለ። ተሰልፎ የነበረው ሰው እስኪያለቅስ ሳቀ። «ጥቁርና ነጭ» የሚል ስም ወጣለት፤ ከሰፈሩ ለቆ እስኪሄድ ድረስም በዚያ ስም ተጠራ። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ከሚስቱና ከልጁ በቀር የሚያውቅ ፍጡር የለም።

ዛሬ ደግሞ የሚቀለድበት ቀን አይደለም። ከመጋዘን ሸክም ያስቀረው የወገቡ ሕመም ነው፤ ሐኪሙ እንደ ድሮው ልሸከም ብትል አልጋ ላይ ትቀራለህ ብሎታል። ቤቱ በሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተንጠልጥሏል። የዛሬውን የተግባር ፈተና ያለፈ ሰኞ በአዲሱ ሆስፒታል የኬብል ዝርጋታ ሥራ ይጀምራል፤ ድርጅቱ ለኮሌጁ ቃል ገብቷል። የወደቀ ወደ ቤቱ ነው።

«ስሙኝ» አለች መምህርቷ። «አንደኛው ጫፍ የተሠራ ነው፤ እናንተ ሌላኛውን ትሠራላችሁ። ስትጨርሱ መፈተሻው ቴስተር ላይ ሰክታችሁ ውጤቱን ራሳችሁ ትነግሩኛላችሁ። አረንጓዴ ከበራ ልክ ነው፣ ቀይ ከበራ ስህተት ነው። ተሳስቻለሁ ያለ አንድ ዕድል ይጨመርለታል። የተሳሳተውን ልክ ነው ብሎ ያቀረበ ግን እዚያው አበቃለት። የሚሳሳት ባለሙያ ይታረማል፤ የሚዋሽ ሆስፒታል ውስጥ ሰው ይገድላል። ጀምሩ!»

ሰውየው ኬብሉን ላጠው። አንድ ብልሃት አለችው። ቤት ውስጥ በቁርጥራጭ ሲለማመድ አንዱ ጥንድ ጠበቅ ብሎ፣ ሌላው ላላ ብሎ እንደሚጠማዘዝ አስተውሏል። ጠበቅ ያለው አረንጓዴ፣ በጣም የላላው ቡናማ፣ መካከለኛው ብርቱካናማ። ሳይፈታቸው በጣቱ ዳበሳቸው። ቡናማው ወዲያው ተገኘ። የቀሩት ሁለቱ ግን መንትያ ሆኑበት። ለካ የዛሬው ኬብል ከሌላ ካርቶን የመጣ ነው!

አንደኛውን ጥንድ ብድግ አደረገ።

ከማዶ ልጁ ሳለች። አንድ ጊዜ።

«አንቺ!» መምህርቷ ዞረች። «ሳሉ በሽታ ነው ወይስ መልእክት?»

«ኧረ ቲቸር፣ ብርድ መትቶኝ ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

እነሱ ቤት በዓይን አይማልም ነበር፤ ጨንቋት ነው።

«አንድ ጊዜ ብትደግሚው ሁለታችሁንም ነው የማስወጣው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አባት ጥንዱን እንደያዘ ቀረ። ነገሩ የባሰ ተወሳሰበ። አንድ ሳል ብርቱካናማ ነው፤ ግን ሁለተኛው ሊከተል ሲል መምህርቷ አቋርጣው ቢሆንስ? የገዛ ልጁ ከእሱ ጋር ገደል ልትገባለት ነው፣ እሱ ደግሞ ስንት ጊዜ ሳለች ብሎ ይቆጥራል። በራሱ አፈረ። ይሁን፣ በጣቴ እሠራዋለሁ ብሎ ቆረጠ። እንደገና ዳበሰ፤ አንዱ ጸጉር ታህል ጠበቅ ያለ መሰለው። ያንን አረንጓዴ አለው። ፈታ፣ ደረደረ፣ ከተተ፣ መጭመቂያውን ግጥም አደረገ።

ቴስተሩ ላይ ሰካው። መብራቱ ቦግ አለ።

በርቷል። እንደ ያኔው በርቷል፤ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። በድንጋጤ ብዛት ይህን አስቀድሞ አላሰበውም ነበር። ቀይ ይሁን አረንጓዴ አንድ እግዜር ይወቀው!

«እሺ ጋሼ፣ ምን ይላል?» መምህርቷ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ መብራቱ ወደ እሱ ዞሯል፣ ለእሷ አይታያትም።

ልክ ነው ቢል፣ ልክ ካልሆነ አበቃ። ተሳስቻለሁ ቢል፣ ልክ ከሆነ ዋሸ። ቀና ብሎ ልጁን ቢያያት ፊቷ ይነግረው ነበር፤ እሷ ከጎን በኩል ስለሆነች መብራቱ ይታያታል። አንገቱ ሊዞር ምንም አልቀረውም። መለሰው።

«መምህር» አለ። «ይሄ መብራት ቀይ ነው አረንጓዴ?»

ቧልተኛው ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው አጀበው።

«ቀልድ አይደለም። ዓይኔ ቀለም አይለይም። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። መምህርቷ እሱን አየች፣ ቀጥላ ልጁን አየች።

«አሃ! ሳሉ አሁን ገባኝ።»

«እሷን ይተዉልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

መምህርቷ ቴስተሩን አዙራ አየችው።

«ቀይ ነው።»

ልቡ ቁርጥ አለ። ግን ደግሞ፣ ልክ ነው ብሎ ቢሆን ኖሮ አሁን በሩን እየከፈተ ነበር።

«እንግዲያው ተሳስቻለሁ» አለ።

እሷም ከካርቶኑ ሌላ ኬብል ስባ ቆረጠችና ፊቱ አስቀመጠችለት። «ሰኞ መሰላል ላይ ወጥተው ቀለሙ ባይለይዎት ምን ያደርጋሉ?»

«አብሮኝ የሚሠራውን ሰው… እጠይቃለሁ።»

«ቀለም መንገር ሥራ መሥራት አይደለም። ጎንዎ ያለውን ይጠይቁ፤ ቀሪውን እርስዎ ይሠራሉ። ይህ ሁለተኛውም የመጨረሻውም ዕድልዎ ነው።»

ኬብሉን ላጠው። ከማዶ ልጁ ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት። «አባዬ፣ እኔ ልምጣ?» አለች።

«አንቺ ሥራሽን ጨርሺ» አላት።

ከዚያም ሽቦዎቹን እንደ ጣት ዘርግቶ ቧልተኛው ፊት አቀረባቸው። ጎረምሳው አሁን አይስቅም፤ እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ይሆናል፣ ይህንንም ሰውየው ማየት አይችልም።

«ወንድሜ» አለው ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ብርቱካናማው የቱ ነው?»