የጃኬቱ ጽሑፍ

እሳት አጥፊው ተክለኣብን ያን ሰሞን ያንገሸገሸው የእሳት ጭስ አልነበረም፤ ሥልጠናው ነው። እሳት አጥፊ ሁሉ ከእንግዲህ ደርቦ የድንገተኛ ሕክምናም ይሰጣል ተባለ። ይሁን፣ መልካም። ግን ወራት የሚፈጀው ትምህርት በሁለት ቀን ተጠቅልሎ አለቀ። ትንፋሽ መመለስ ሊለማመዱባት የመጣችው አሻንጉሊት እንኳ ከላስቲኳ አልወጣችም። አለቃው አቶ ገብረጊዮርጊስ፣ «እንዳትቆሽሽ! እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው እሷን ነው» ብለው ቢሯቸው ውስጥ ቆለፉባት። ሰው አዲስ ሶፋውን ከነላስቲኩ እንደሚያኖረው መሆኑ ነው። ከዚያ ኬክ ተቆረሰ፣ ተጨበጨበ፣ ጀርባው ላይ «ሕይወት አድን» የሚል ጃኬት ታደለ። ትፍ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ብዙም ሳይቆይ ሰንጋ ተራ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እሳት ተነሣ። ተክለኣብ ያንኑ ጃኬት እንደለበሰ ጭሱን ሰንጥቆ ገባና ወይዘሮ ፀሐይቱ የሚባሉ እናት ተሸክሞ ወጣ። ይህን ያውቅበታል፤ ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ ነው። ደጅ አስፋልቱ ላይ አስተኛቸው። አይተነፍሱም። ለጭስ መድኃኒቱ ወተት ነው የሚል ጎረቤት መቼም አይጠፋም፤ አንዲት ወጣት በብርጭቆ ይዛ መጥታ አፋቸው ላይ ልታንቆረቁር ስትል እጇን ገፋው።

«ራሱን ለሳተ ሰው ወተት? ልታንቂያቸው ነው እንዴ!»

ከሥልጠናው የያዘው ይህችኑ ብቻ ነው። መዳፉን ደረታቸው ላይ አኖረ። ከዚያስ? የቱ ጋ ነው የሚጫነው? ምን ያህል? ራሱን ተጸየፈ። አለቃውን፣ ኬኩን፣ ኬኩን በልቶ ያጨበጨበ እጁንም ተጸየፈ።

«አምቡላንሱ የት ደረሰ?» ብሎ ጮኸ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የወይዘሮ ፀሐይቱ ልጅ ሕያብ በጣቷ ወደ ጀርባው ጠቆመች።

«ልንደውል ስንል የጃኬትህን ጽሑፍ አየንና ሐኪሞቹ መጥተዋል ብለን ተውነው።»

ያኔ ተደወለ። አምቡላንሱ በሜክሲኮ አደባባይ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ እየተሳበ እስኪደርስ ተክለኣብ በዘፈቀደ ሲጫን ቆየ። ባለሙያዋ ወርዳ ትንፋሻቸውን አዳመጠች፣ ዐይናቸውን ገልጣ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። አንዱ ያቀበላትን ነጠላ ፊታቸው ላይ አለበሰች።

ሕያብ ለቅሶዋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ ጎንበስ አለችና ጥላሸት የለበሰ እጁን ሳመችው።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ የተማርከውን ሁሉ አድርገሃል።»

ተክለኣብ እጁን መነጨቃት።

«አልተማርኩም እኮ፣ እህቴ! ማንም አላስተማረኝም!»