ዝናብ ከየት ይመጣል

...ጉልበቴን የት ላድርገው፣ ይህን ዴስክ የሠራው አናጢ ጉልበት ያለው ሰው ይቀመጥበታል ብሎ አላሰበም፣ እርግጥ የሠራው ለልጆች ነው፣ ዛሬ ግን ዓርብ ነው፣ ዓርብ ከሰዓት የምንፈተነው እኛ ወላጆች ነን፣ ልጆቻችን ቀይ እስክሪብቶ ይዘው በመካከላችን ይንጎራደዳሉ። ወይ ጉድ። ይቺ የኔዋ ደግሞ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ የት አየችው ይሄን አካሄድ፣ አባዬ ወደ ጎን አትይ፣ እሺ እመቤቴ፣ ልኮርጅ እኮ አይደለም፣ አጠገቤ ከተቀመጠው ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ምን ይኮረጃል፣ እሱ ራሱ ከኔ ሊኮርጅ አንገቱ ተመዟል።

ሁሉም የርዕሰ መምህርቷ ሥራ ነው። መንደሩ ባዶ እየቀረ ነው አለች፣ ቤቱ ሁሉ እየተቆለፈ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የተማረውን ቤቱ ላለ አንድ ትልቅ ሰው ያስተምር፣ ከወረቀት ስታነበውማ «ማኅበረሰቡን በትምህርት መልሶ ማነቃቃት» ነበር የሚለው፣ እኔ በሆዴ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብዬ ሳቅኩ፣ አሁን ሳቁ የታለ፣ ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ የሳተ ወደቀ፣ የልጆቹ ሕግ ነው፣ ጨካኞች።

የመጨረሻው ጥያቄ። ዝናብ ከየት ይመጣል። ኧረ ይቺን! ይቺንማ በእንቅልፌም፣ እኔን ልብስ ሰፊውን በገዛ ካውያዬ ነው ያስተማረችኝ፣ እርጥቡ ሱሪ ላይ ጫን አድርገው አባዬ፣ ጫንኩት፣ ሽሽሽ፣ ጢሱን አየሁት፣ ጢስ አይደለም እንፋሎት ነው፣ ካውያው ፀሐይ ነው፣ ሱሪው ባሕር፣ እንፋሎቱ ሽቅብ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ደመና፣ ደመናው ሲከብደው ዝናብ፣ ገባህ፣ ገባኝ፣ እስቲ ድገመው። እየደገምን የደንበኛዬ ሱሪ አረረ። ደንበኛ ስል፣ የቀረኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነበር።

ለዚህ እኮ ነው መንደሩን ለቀን የምንሄደው። የሚስቴ ወንድም ከተማ ሱቅ አለው፣ ና የስፌት መኪናህን እዚህ ትከል ብሎኛል፣ ነገ ጠዋት የጭነት መኪና ይመጣል፣ ሚስቴ ፍራሹን ታስራለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታስራለች፣ ምነው ስላት ገመዱ አልጠበቀም ትላለች። ልጄ ግን ያለችው አንድ ነገር ነው፣ ተማሪዬን ሳልጨርስ አልሄድም፣ ካለፍክ እንሄዳለን፣ ከወደቅክ እንደግማለን፣ እሺ ብዬ በርዕሰ መምህርቷ ፊት ማልኩ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ታዲያ ምን አስጨነቀኝ፣ አልፋለሁ!

ቆይ። ቆይ እስቲ። ይቺ ልጅ መቅረት ነው የምትፈልገው፣ ጓደኞቿ እዚህ፣ ክፍሏ እዚህ፣ ታዲያ ለምን አላሳሳተችኝም፣ ዝናብ ከጨረቃ ይመጣል ብትለኝ ጽፌው እወድቅ ነበር፣ እሷም ትቀር ነበር። በደንብ አስተማረችኝ እኮ። አንድም ሳታስቀር። ዓይኗ እንባ እያቀረረ አስተማረችኝ፣ ጉንፋን ነው አባዬ እያለች። አንጀቴን በላችው።

ሰዓት አልቋል እያሉ ነው። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ያንሾካሹካል፣ አንተ፣ የመጨረሻው ምንድን ነው፣ ዝም በል ወዲያ፣ እስክሪብቶዬ ፀሐይ ብሎ መጻፍ ጀምሯል፣ ሰርዘው፣ ሰረዝኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጻፍኩ። ዝናብ የሚመጣው ከካውያ ነው። ወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እሱንም ገለበጠው፣ ይበለው!

መጣች፣ አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ አባዬ፣ ይሄን እኮ ዛሬ ቁርስ ላይ በቃልህ ወጥተኸዋል፣ ጠፋኝ ልጄ፣ እርጅና ነው፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ እንጃ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተች፣ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ኤክስ፣ ወድቀሃል አባዬ፣ ሰኞ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። አሁን ሄጄ ሚስቴን ፍራሹን ፍቺው ልበላት፣ ሳልላትም ፈትታው ይሆናል፣ እሺ የኔ መምህር፣ ሰኞ፣ ካውያውን ይዤ እመጣለሁ።