የተቀባው ጠርዝ

ብረት ሠሪው በአዲሱ የብረት ክፍል ግድግዳ ላይ መርፌ የምታሾልክ ክፍተት የለም ይላል። ቶሎ ስለሚቃጠል "ፊውዝ" የሚሉት ኤሌክትሪሺያን ደግሞ፣ በሩ ተዘግቶበት ሳለ ሚስቱ ደውላ ዳቦ ይዞ እንዲገባ እንዳዘዘችው ይምላል።

"ስልክህ ቃዥቶ ነው!"

"እሺ ስልኬ ይቃዥ፤ ሚስቴም ትቃዣለች?"

ኢንጂነሯ በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ ትላለች። ክፍሉ የስልክም ሆነ ሌላ የውጭ ሞገድ እንዳያስገባ በብረት ፓነሎች የተገጣጠመው ከሕክምና መሣሪያዎች የሚወጣውን የኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ለመለካት ነው። የውጭ ሞገድ ከገባበት የቱ የመሣሪያው እንደሆነ አይለይም። የመጀመሪያው መሣሪያ፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ፣ ነገ ጠዋት ይመጣል። ብረት ሠሪው ደግሞ የእናቷ ወንድም ነው፤ ሥራውን ያስገኘችለት እሷ ናት።

ራሷ ገብታ በሩን ዘጋች። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል።

"ክፍሉ ደረሰ?"

"ሞገድ ያስገባል፣ ጌታዬ።"

"ለነገ ስልካችሁን አጥፉና ለኩ። ማን ያውቃል?"

"መልሼ ልደውል" ብላ ወጣች። አንዱን ብሎን ፈትታ ፓነሉን ሳብ አደረገችው። ብረት ከብረት መነካካት በነበረበት ጠርዝ ላይ ግራጫ ቀለም ያብረቀርቃል።

"ጋሼ፣ ጠርዙ እንዳይቀባ አላልኩም?"

"ብለሻል። ግን ጥርሱን አግጦ ሳየው አላስቻለኝም። ነገ ዝጎ እንዳያሳፍርሽ ብዬ ነው።"

"የስንቱን ቀቡት?"

"የሁሉንም! አንድ አልቀረኝም።"

ፊውዝ ሳቁ መጣበትና ፊቷን አይቶ ዋጠው።

"ቀለሙ ብረቱን ከብረት ለየው፤ ሞገዱ የሚገባው በዚያ ነው" አለች።

"ይሄን መቼ ነገርሽኝ?"

አትቀቡ ብላ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አላስረዳችም።

አጎቷ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የእህቴ ልጅ፣ የሠራው ፈረሰ ከተባለ ከእንግዲህ ማን ይቀጥረኛል? ነገን ብቻ እለፊበት። ከዚያ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ።"

"የሕፃናት ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"አውቃለሁ" አለና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ቀለሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ልስልስ ያለ ነው፤ የትም ጋ አልተንጠባጠበም። ስልኳን አወጣችና አጎቷ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

"ጌታዬ፣ የነገው ልኬት ቀርቷል። ፓነሎቹ በሙሉ ይፈታሉ። ሳላስረዳ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የሚፈቱትም መልሰው የሚገጥሙትም አጎቴ ናቸው።"